ከማያንኳኳ ሰው ጋር መበደር

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ማስተር» እያለ ነው የሚጠራው። ተምሮ ያመጣው ማዕረግ እንዳይመስላችሁ፤ ሁሉን በር ከሚከፍተው ማስተር ቁልፍ የመጣ ነው። ቁልፍ ቀራጭ ነው። የእሱን ሱቅና የእኔን የክርና የዚፕ ሱቅ የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከወዲህ «ይማርህ» እለዋለሁ፣ እኔ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ እሱ ሞረዱን አስቀምጦ ያዳምጣል። ስለዚህ ማስተርን ከእኔ በላይ አውቀዋለሁ የሚል ሰው ቢገጥማችሁ እንዳትሰሙት። እኔም ብሆን የማላውቀው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ታላቄ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው፣ አከብረዋለሁ። ግን አንድ ክፉ አመል አለበት። የተዘጋ በር አይወድም። አይወድም ስላችሁ እንደ ሌላው ሰው «እስቲ ክፈቱት፣ አየር ይግባ» ብሎ የሚያልፍ አይደለም። የተዘጋ በር ሲያይ እጁ ሳያስፈቅደው ወደ ኪሱ ይገባል። ኪሱ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ቀጫጭን ሽቦና አንዲት ትንሽ ብሎን መፍቻ አሉ። ሐኪም ቤት ሰው ሊጠይቅ ሄዶ የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን «ይሄማ በጥፍርም ይከፈታል» ብሎ ነርሶቹን አስደንብሯቸዋል። አንድ ቀን እኔ ራሴ ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ ስነፋረቅ (ለምን እንደሆነ አይመለከታችሁም) ከች አለና «ስኳር አለሽ?» አለኝ። በየት ገባ እንዳትሉኝ፤ በበሩ ነዋ!

እኔን እንዲህ ካደረገ ልጁንማ አስቡት። አንድ ልጁ ናት። እናቷ ገና ጡት ሳትጥል ነው ያረፈችው፤ ሌላ ሴት ሳያይ ብቻውን አሳደጋት። ወርቅ የሆነች ልጅ ናት፣ አክስቷ ስለሆንኩ አይደለም የምለው። ግን ምስኪን፣ በዕድሜዋ የዘጋችው በር ተዘግቶ አያውቅም። ጓደኛዋን ክፍሏ አስገብታ የሆዷን ማውራት ስትጀምር አባት የተላጠ ብርቱካን በሳህን ይዞ ከች። ስታጠና ከች። አኩርፋው በሩን ቆልፋ ከተኛች ጠዋት ስትነቃ ብርድ ልብሱ እስከ አንገቷ ተሸፍኖላት ታገኘዋለች። «ጠንካራ ቁልፍ ገዝቼ አስገጥማለሁ» ብላ ትዝታለች፤ ገዝታ ስትመጣ ማን ይግጠምላት? እሱው ነዋ!

አድጋ የራጅ ባለሙያ ሆነች። «ይሄን ሥራ የመረጥሽው ለበሩ ብለሽ ነው» እያልኩ አበሽቃታለሁ፤ ትስቃለች እንጂ አይደለም አትልም። የራጅ ክፍል በር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውስጡ እርሳስ የተለበጠ፣ ለመግፋት ትከሻ የሚጠይቅ፣ አናቱ ላይ ቀይ መብራት ያለው። መብራቱ ሲበራ ማንም ዝር አይልም። ሥራ በጀመረች ሰሞን ማስተር ምሳዋን ይዞላት ሄደና ቀዩ መብራት ሥር ተገተረ። የጥበቃው ሰውዬ ነው የነገረኝ። በሩን ከላይ እስከ ታች ዳበሰው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ ከዚያ «ጥሩ በር ነው» ብሎ ምሳውን ለጥበቃው አስረክቦ እየተከዘ ሄደ። ልጅቷ ይሄን ስትሰማ በደስታ ጨፈረች።

አባትና ልጅ የሚኖሩት ሁለት ክፍል ተከራይተው ነው። ዘንድሮ አከራያቸው መጥታ «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱን ለእሱ ፈልጌዋለሁ» አለቻቸው። ምን ይባላል? ማስተር የሰው ቤት ሲከፍት ዕድሜውን ጨርሶ የኔ የሚለው አንድ በር የለውም። ልጅቷም ከኪራይ ወደ ኪራይ መዞሩ መሯት ባንክ ሄዳ የቤት ብድር ጠየቀች። በእሷ ደመወዝ ብቻ የሚፈቀደው ብድር፣ ራሷ እንደነገረችኝ፣ ወጥ ቤቱንና የሳሎኑን ግማሽ ይገዛል። ከአባቷ ጋር በጋራ ብትበደር ግን የሁለቱ ገቢ ተደምሮ ሙሉ ቤት ይሆናል። ነገሩ ያለ ዕዳ አይደለም። ባንኩ «አባትሽ ሳያረጁ ተከፍሎ ማለቅ አለበት» ስለሚል በየወሩ የሚቆረጠው ጠንከር ይላል። ካርታው ላይ የሁለቱም ስም ይገባል፤ ነገ አንዳቸው ልውጣ ቢል ሌላኛው ሳይፈቅድ መሸጥ የለ፣ መለወጥ የለ።

ማስተር ይሄን ሲሰማ እንደ ልጅ ፈነደቀ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር «እኔና ልጄ ቤት ልንገዛ ነው» ይላል። ቤቱ ሳይገኝ ለውጭው በር የሚገጥመውን ቁልፍ መርጦ ጨርሷል፤ ሌባ ሲያየው ሥራ የሚለቅበት ዓይነት ነው እያለ በቆርቆሮው ማዶ ይፎክርብኛል።

«ለልጅቱ ክፍልስ? አንድ መቀርቀሪያ ከውስጥ አድርግላት እንጂ» አልኩት፣ ነገር ልጎትት ብዬ።

«መቀርቀሪያ?» አለ፣ የሰደብኩት ይመስል። «መቀርቀሪያ ለፍየል በረት ነው! ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ የለው፤ አንዴ ከውስጥ ከተዘጋ ከውጭ ማን ይከፍተዋል?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ፣ ጋሼ!»

የቁልፍ መቅረጫ ማሽኑን አስነሳብኝ። መልስ ሲያጣ ማሽን ማስነሳት ልማዱ ነው።

ልጅቷ ደግሞ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ እኔ ሱቅ ገብታ ከዚፕ ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ልክ አይደለም።

«እትዬ፣ ልፈርም ነው» አለችኝ፣ ማዶ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እሰይ! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«እስከዛሬ በኪራይ ቤት ስንኖር አንድ ቀን ወጥቼ የራሴን ክፍል እከራያለሁ እያልኩ ነበር የምጽናናው። አሁን ከፈረምኩ ወዴትም የለም። እስክሸብት ድረስ ያለ በር ልኖር እኮ ነው!»

«ንገሪው እንጂ! አባዬ አንኳኳ በይው። አንድ ቃል ናት።»

«ስንቴ ነገርኩት! እሺ ይለኛል፣ ከዚያ በማግስቱ ብርቱካን ይዞ ከች። ደግሞ ጠንከር ካልኩ ቅር ይለዋል፤ ፊቱ ጭልም ሲል አልችልም፣ አንጀቴን ይበላዋል። ልተወው ብል ደግሞ የት ይገባል? እሱ ብቻውን ማንም አያበድረው፣ እኔም ብቻዬን አልችል።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እወደዋለሁ እኮ፣ እትዬ። ግን ከእሱ ጋር ስሆን ከቆዳዬ ሌላ የሚሸፍነኝ የለም።»

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ተነስቼ ልነግርላት ስል ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። «በሞቴ እንዳትናገሪ» አለች። በሞቴ ካለችማ ምን አደርጋለሁ፣ ምላሴን ዋጥኩ።

በዚያው ሰሞን ደላላው ቤት ተገኘ ብሎ ጠራንና ሦስታችንም ሄድን። እሱ ሌላ ደንበኛ ይዞ ስለነበር ቁልፉን አቀበለንና «አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ባለቤቶቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ ሰው የለም፤ ግቡና እዩት፣ እኔም እደርሳለሁ» አለን። ደረጃውን ጀመርነው። ጉልበቴን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዱ ጋ ስደርስ «በቃ አራተኛው ይሄ ነው» አልኩ። ምድር ቤቱን አንድ ብዬ ነበር የቆጠርኩት።

ማስተር ቁልፉን ከተተው። አይዞርም። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይላል? «በር ተሳስተናል» ይላል። ወንድሜ ግን ቁልፍ እምቢ ስላለው በር ተሳሳትኩ ብሎ አያውቅም። «ቁልፉ አርጅቷል» አለና እጁ ወደ ኪሱ ገባ፣ ወጣ፣ በሩም ብርግድ ብሎ ተከፈተ። «ግቡ» አለን፣ በገዛ ቤቱ እንደሚጋብዝ ሰው።

ገባን። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ከፋፍቼ አየሁ፤ ሰዎቹ ድስታቸውን እንዴት እንደሚያስቀምጡ ታዝቤ አስተያየቴን ሰጠሁ። ሶፋውም አልጣመኝም። ልጅቷ አንዲት ትንሽ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ መልሳ ዘጋችው። ማንም የማያያት መስሏት ነበር። እኔ ግን ከኮሪደሩ አይቻታለሁ።

በዚህ መሃል ከመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ድምፅ ይሰማል። በሩ ተዘግቷል። «ቧንቧው ያፈሳል፤ ይሄን ለዋጋ መቀነሻ እንይዘዋለን» አለ ማስተር፣ ሽቦውን እያወጣ።

«ጋሼ፣ ተው ግድ የለህም...» ሳልጨርስ ከፈተው።

ጉድ ፈላ! ፎጣ ያገለደመች፣ ጭንቅላቷ በሙሉ አረፋ የሆነ ሴትዮ! ሴትዮዋ ጮኸች፣ እኔ ጮህኩ፣ ማስተር ሁለት ዓይኑን በሁለት እጁ ጨፍኖ «አላየሁም! አላየሁም! እመቤቴ፣ የበርዎ ቁልፍ ደካማ ነው፤ በነፃ እቀይርልዎታለሁ!» ይላል። የሻምፖው ጠርሙስ ግንባሩን አገኘው። «ሌባ! ሌባ!» ጎረቤት ወጣ፣ መጥረጊያ የያዘም መጣ። ደላላው እያለከለከ ባይደርስ ኖሮ ብድሩን የምንፈርመው ፖሊስ ጣቢያ ነበር። ሴትዮዋ ነገሩ ሲገባት ወንበር ላይ ቁጭ አለችና «ቆልፌው እኮ ነበር!» አለች። «እንዴ፣ በደንብ ቆልፌው ነበር እኮ! ሰው ሁለት በር ቆልፎ ገላውን መታጠብ ካልቻለ የት ይታጠብ?»

ደላላው ይቅርታ ጠይቆ አስወጣን። ልጅቷ ግን ደረጃው ላይ ስንወጣ ፈነዳች። በሕይወቴ እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ሰማኻት አይደል? እኔም እሷ ነኝ! ዕድሜዬን በሙሉ እሷ ነኝ! ቆልፌው ነበር እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም! ለአንተ በር ማለት አንተ እስክትመጣ የሚጠብቅ ነገር ነው። እኔ በሩ ጀርባ ሰው መሆኔን ታውቃለህ?»

ማስተር ግንባሩን እንደያዘ ኩም አለ። ደም መስሎት ይሁን አረፋ፣ እጁን ደጋግሞ አየው። ላይኛው ቤት ደርሰን ቁልፉ ያለ ችግር ዞረ። ብርሃን የሞላበት ቆንጆ ቤት ነበር፤ ሁላችንም አየነው፣ ቆልፈን ወረድን።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሰሞን አታስታውሱኝ። ከቆርቆሮው ማዶ ሞረድ እንጂ ሳል እንኳ አይሰማም። ፉከራው ቀረ። ደንበኛ «ማስተር፣ ቤቱስ?» ሲለው «እንግዲህ እሷ እንዳለች» ይላል። የባንኩ ቀጠሮ ደረሰና ሁለቱም የሄዱት እኔን መሃል አድርገው ነው። ልትፈርም ነው ወይስ ይቅር ልትል፣ ፊቷን ባጠናው ባጠናው አልነበብልሽ አለኝ።

የብድር ክፍሏ ልጅ ረጃጅም ጥፍር ያላት ወጣት ናት፤ ኮምፒውተሩን ስትመታው ቀጭ ቀጭ ይላል። ከእኛዋ ልጅ ጨርሳ ወደ ማስተር ዞረች።

«አባቴ፣ በዚህ ሥራ ላይ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«ከእሷ ሦስት ዓመት ያንሳል» አላት፣ በአገጩ ወደ ልጁ እያመለከተ።

«ማለት?»

«ስጀምረው ሦስት ዓመቷ ነበር።»

ቀጭ ቀጭ። «ከዚያ በፊትስ?»

«አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ።»

«ታዲያ ምን አስቀየረዎት?» ይሄ የባንክ ጥያቄ ይሁን አይሁን እንጃ፤ የባንኳ ልጅ ወሬ የምትወድ ሳትሆን አትቀርም። እግዜር ይስጣት።

ማስተር ልጁን አላያትም፤ ጥፍራሟን ልጅ እያየ ነው የተናገረው። «ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። እሷ ቤት ውስጥ ነበረች። ቁልፉ ከውስጥ ነበር፤ ተንጠራርታ አዞረችው። ተመልሼ ስገፋው በሩ እምቢ። "ልጄ፣ ቁልፉን መልሺው" እላታለሁ፣ የምታዞረው ወደማይሆነው ነው። እንዳልሰብረው፣ በሩ ላይ ተለጥፋ ቆማለች፤ ላይዋ ላይ ይወድቃል። መስኮቱ ብረት አለው። ጎረቤት አንድ ሽማግሌ ቁልፍ ሠሪ ሊጠራ ሮጠ። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ "አለሽ?" እላታለሁ፣ "አለሁ" ትለኛለች። "አለሽ?" "አለሁ።" ጨዋታ መስሏት ትስቃለች። ከዚያ "አለሽ?" ብል ዝም አለች።»

የጥፍሩ ቀጭ ቀጭ ቆመ።

«ደጋግሜ ጠራኋት፤ ዝም። ሽማግሌው እያዘገመ መጣ። አንድ ሽቦ አውጥቶ፣ የያዘውን ወሬ እንኳ ሳያቋርጥ ከፈተው። እንቅልፍ ወስዷት ነው። ጫማዬን ታቅፋ ደፉ ላይ ተኝታለች። እኔ ግን እስኪከፈት ድረስ ሞቻለሁ። በማግስቱ አውቶቡሱን ትቼ ሽማግሌው ደጅ ቆምኩ። "ይሄን ካላስተማሩኝ ከዚህ አልሄድም" አልኩ። እንደዚያ ነው የጀመርኩት።»

እኔ እህቱ፣ አላውቅም ነበር! ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ባል አግብቼ (ስሙን ጠርቼ አፌን አላበላሽም) ስለነበር ተመልሼ ስመጣ ቁልፍ ቀራጭ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ደመወዙ ይሻላል ብሎ መስሎኝ ነበር።

ልጅቷ እንባዋ ቁልቁል ይወርዳል፣ አትጠርገውም። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? በር እንዳትፈሪ ብዬ ነዋ።»

ልጅቷ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረችው። «አባዬ፣ አሁን ሦስት ዓመቴ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«እፈርማለሁ። ባንኩ የሚለውን ሁሉ እከፍላለሁ። ግን የክፍሌን በር ታንኳኳለህ። አንኳኩተህ፣ ግባ እስክልህ ትቆማለህ። ይሄን ካልቻልክ አሁኑኑ ንገረኝ፤ ሁለት ክፍል እንከራያለን፣ እዚህ ጋ ያበቃል።»

ማስተር አሰበ። የምር አሰበ፤ እሺ ብሎ ሊያልፋት እንዳልፈለገ ከፊቱ ይታወቃል። «ባንኳኳና ዝም ብትዪስ?»

«ዝም አልልህም።»

«እንቅልፍ ቢወስድሽስ?»

«ታዲያ ተኝታለች በላ!»

«ይከብዳል እኮ» አለ።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የምጠይቅህ።»

«እሺ» አለ። እንደ ወትሮው እሺ አልነበረም።

ጥፍራሟ ልጅ አፍንጫዋን በወረቀት እየጠረገች «እ... ልቀጥል?» አለች። «ቀጥዪ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ! ሁለቱም ፈረሙ።

ዕቃ ባስገባን ዕለት እኔ ድስት ስሸከም ማስተር ብሎን መፍቻውን ይዞ ጠፋብኝ። የውጭውን በር ቁልፍ እየገጠመ ነው ብዬ ባይ፣ ያ ሁሉ የፎከረበት ቁልፍ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። የልጅቷ ክፍል ውስጥ ነው ያገኘሁት። ተንበርክኮ በበሩ ውስጠኛ ጎን መቀርቀሪያ እየገጠመ ነው። ያ የፍየል በረት ያለውን! ሲጨርስ ተነሳና ጉልበቱን አራገፈ፤ ልጁን ከክፍሏ ትቷት ወጣ። እሷም በሩን ዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ቀጭ ሲል ሁለታችንም ሰማነው።

ኮሪደሩ ላይ ቆመ። አልሄድ አለ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ኪሱ ገባ፣ እዚያው ጥቂት ቆየና ባዶውን ወጣ። ከዚያ አንኳኳ። ማንኳኳት የት ያውቅና! በመዳፉ እንደ ፖሊስ ነው የደበደበው።

«አለሽ?» አለ።

ከውስጥ ድምፅ የለም። ድስቱን እንደያዝኩ ተገትሬ ቀረሁ። እሱ ግን አልነካውም፣ አልገፋውም፤ ቆሞ ጠበቀ።

«አለሁ፣ አባዬ።»

ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ፣ ጥርሱ ግን አልከደን ብሎታል።

«ሰማሽ?» አለኝ። «መለሰችልኝ እኮ።»